ባሕር ዳርና የጤና ደንብ፦ ማስገደድ እስከ የት?

በመጋቢት 2012 መጨረሻ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን ከእንጅባራ፣ ከአዲስ ቅዳምና ከቲሊሊ ጋር ለ14 ቀናት እንዲዘጉ ወሰነ። ምክንያቱ በክልሉ የመጀመሪያዎቹ የኮሮና ሕሙማን መገኘታቸው ነበር። የፌዴራሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ መጋቢት 30 ነው።

በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነትን ይሰጣል። አንቀጽ 93 ደግሞ ወረርሽኝ ሲነሳ መብቶችን ለጊዜው መገደብ ይፈቅዳል። ክልሎችም በግዛታቸው ማወጅ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት አንቀጽ 25 በአዋጅም አይታገዱም። ይህ ሊሰመርበት ይገባል። በወረርሽኙ ጊዜ ማስክ ያላደረገን ሰው መቅጣት ይቻል ነበር። መደብደብ ግን በየትኛውም ጊዜ ወንጀል ነው።

የ2012ቱ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከለ። ለጣሰ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 200,000 ብር ቅጣት አስቀመጠ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ያዘዘውም በዚያው ጊዜ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም አስተዋይ የሆነው ይህኛው ትእዛዝ ነበር። የባጃጅ ሹፌሩ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ሊስትሮው፣ በጣና ላይ ጀልባ የሚነዳው ሰው የሚበሉት የዕለቱን ገቢ ነው። ቤት ተቀመጥ የተባለ ሰው ልጆቹን ምን ያበላል? ለዚህ መልስ የሌለው ደንብ በፖሊስ ብዛት አይጸናም።

ለቅሶ ሌላው ፈተና ነው። እድርተኛው ድንኳን ካልተከለ፣ ጎረቤት ካልተሰበሰበ፣ ሐዘንተኛው የተጣለ ይመስለዋል። አራት ሰው ብቻ ይቅበር ማለት በወረቀት ቀላል ነው። ደንብ አስከባሪው ራሱ የዚያው ሰፈር ልጅ መሆኑን አንርሳ። በዚያ ወቅት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በቤታቸው እንዲጸልዩ ጠየቀች፤ የ2012 ፋሲካም ብዙ ቦታ በየቤቱ ተከበረ። ይህ በገዛ ፈቃድ የተደረገ ነው፤ ያለ አባቶች ቃል ፖሊስ ብቻውን ሕዝቡን ከበዓሉ ሊያስቀር ይችል ነበር ብዬ አላስብም።

ጠበል ከዚህም ይከብዳል። በ2015 ከጣና በስተ ምዕራብ፣ በቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ድኅነት ፍለጋ ስንት መንገድ የመጣን ሕመምተኛ ተመለስ ማለት በጣም ያስቸግራል። ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ማቅረብ፣ መጸዳጃ ቤት መቆፈርና ከካህናቱ ጋር መስማማት ግን ይቻላል።

ደንቡ በደንብ የሚሠራው በር ባለበት ቦታ ነው። ቄራ የሚገባ ከብት ይመረመራል። ሆቴልና ምግብ ቤት ፈቃድ ስላላቸው ይፈተሻሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥንም ከልክሏል። ከማእድ ሲደርስ ግን ሥልጣኑ ያበቃል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ እንደሚችል ያልሰማ የለም። በባሕር ዳር ዓሳውንም በጥሬው የሚበላ አለ። ይህን በሕግ መከልከል ቢሞከር የሰውን ጓዳ መክፈት ይሆናል። አንቀጽ 26 ቤት እንዳይበረበር ይጠብቃል። መጠበቁም ተገቢ ነው።

እዚያ የምትደርሰው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ፕሮግራሙ ከ1995 ጀምሮ ተዘርግቷል። ባለሙያዋ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወሊድ ታስተምራለች። መቅጣት አትችልም፤ እናቲቱ ዛሬ አልተመቸኝም ካለቻት ሌላ ቀን ትመለሳለች።