ሊንከን «ዕድሜውን ሙሉ ሲወድቅ የኖረ» ሰው አልነበረም

ያ የሊንከን ውድቀቶች ዝርዝር ዛሬም ይዞራል። ቴሌግራም ላይ፣ አነቃቂ ንግግር ላይ፣ ምረቃ ላይ። አብርሃም ሊንከን በ1831 ከሰረ፣ በ1832 ምርጫ ተሸነፈ፣ እንደገና ከሰረ፣ እንደገና ተሸነፈ፣ በ1860 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሆኖ ተመረጠ ይላል። ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎች በየዓመቱ ይዘውልኝ ይመጣሉ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

1832ን እንይ። የ23 ዓመት ወጣት ነው፣ ኢሊኖይ ግዛት ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ። ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ ከ13 እጩዎች 8ኛ ወጣ። ተሸንፏል፣ ልክ ነው። ግን በሚኖርባት በኒው ሳሌም ድምፅ ከሰጡት 300 ሰዎች 277ቱ መርጠውታል! የሚያውቁት ሰዎች አምነውበታል፣ ሌላው አካባቢ ገና አላወቀውም። በ1834 አሸነፈ። በ1836፣ በ1838 እና በ1840ም ደገመው። በ1846 ደግሞ ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠ። «በ1848 ተሸነፈ» የሚሉትም ስህተት ነው፤ የዊግ ፓርቲ (ያኔ የሊንከን ፓርቲ) ሰዎች በዚያ ወረዳ ወንበሩን በተራ ለመያዝ ተስማምተው ስለነበር ጭራሽ አልተወዳደረም።

ኒው ሳሌም ውስጥ ከሸሪክ ጋር የያዘው ሱቅ ግን በእርግጥ ከስሯል። ሸሪኩ ዊልያም ቤሪ በ1835 ሲሞት ዕዳው ሁሉ በሊንከን ላይ ወደቀ፣ ከፍሎ ለመጨረስም ዓመታት ፈጀበት። ታዲያ ምን አደረገ? ሌላ ሱቅ አልከፈተም። የመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ፣ መሬት ቀያሽ ሆነ፣ ማታ ማታ የተዋሳቸውን የሕግ መጻሕፍት አነበበ፣ በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሁለት ሱቅ ከስሮበት፣ ሰዎች «ሊንከንም ወድቆ ነው የተነሳው» ብለው ለሦስተኛው አበደሩት። እሱም ከሰረ። ልጄ፣ መጀመሪያ ዕዳህን ቁጭ ብለህ ጻፍ። ከዚያ በየወሩ የተወሰነ ብር የሚያስገባ ሥራ ፈልግ። ሦስተኛውን ሱቅ ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ስለ ሊንከን የሚባሉትን ሌሎች ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ሕግ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል።» አልተማረም። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም።

«ድሃ የገጠር ጠበቃ ነበር።» ለኢሊኖይ ሴንትራል የባቡር ኩባንያ ይሟገት ነበር፤ 5,000 ዶላር ክፍያውን እንቢ ሲሉት ኩባንያውን ራሱን ከሶ ተቀብሏል።

«ከወጣትነቱ ጀምሮ ባርነት ወዲያው ይወገድ ብሎ ታግሏል።» በ1837 በኢሊኖይ ምክር ቤት ውስጥ ከሌላ አባል ከዳን ስቶን ጋር ያስመዘገበው ተቃውሞ ባርነት ግፍ መሆኑን ይናገራል፤ እዚያው ላይ ግን ይወገድ የሚለው ቅስቀሳ ችግሩን ያባብሰዋል ይላል። ሁለቱንም የፈረመው እሱ ነው።