ፋስት ትራክ ደብረ ብርሃን ላይ፦ ረጅም ሕንፃ በሚያሠሩ ዘንድ የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ፋስት ትራክ ማለት ሠራተኛ አብዝቶ ሌት ተቀን መሥራት ነው»

አይደለም። የላይኛው ፎቅ ዲዛይን ሳያልቅ መሠረቱን መጀመር ነው። ስለዚህ ከታች ሆቴል፣ ከላይ መኖሪያ የሚሆን ሕንፃ መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት የፎቁ ብዛት፣ የሊፍቱ ዓይነት (የጉድጓዱን ጥልቀት የሚወስነው እሱ ነው) እና የጣሪያው ታንከር ክብደት መቆረጥ አለባቸው፤ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ብቻውን 10 ቶን ነው። ከሁሉ የሚከፋው የሆቴሉ አዳራሽ ጉዳይ ነው። አዳራሽ መሃሉ ላይ ኮለን (ምሰሶ) አይፈልግም፤ የመኖሪያዎቹ ኮለኖች ግን ጭነታቸውን እዚያው ላይ ያወርዳሉ። ያንን ጭነት ወደ ዳር የሚያሻግረው ትልቅ ቢም ዘግይቶ ከታሰበ የተሠራ ኮለን ማጠናከር ይመጣል።

«ሶሌታ በ7 ቀን ይፈታል»

ይህም ከፎቁ የአርማታ ወለል ሥር ሳንቃውና ድጋፉ በ7 ቀን ይነሣል ማለት ነው፤ ብዙ ጉዳት የሚያስከትለው ይህ ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሲወርድ አርማታ የሚጠነክርበት ፍጥነት በጣም ይቀንሳል። ገና ሳይጠነክር ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይሰነጣጥቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢያጠጡትም ጥንካሬው አይመለስም። ሙሌቱ ጠዋት 3 ሰዓት ግድም ተጀምሮ ከ9 ሰዓት በፊት ይለቅ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በላስቲክና በጆንያ ይሸፈን። ማጠጣቱ ረፋድ ላይ እንጂ ማታ አይሁን።

ቀን ከመቁጠር ኪዩብ (ከዚያው አርማታ የተሞላ ናሙና) መስበር ይሻላል። ላብራቶሪ ገንዳ ውስጥ የቆየው የ15 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ የሚናገረው ስለ ድብልቁ ነው፤ ለመፍታት የሚያገለግለው እዚያው ሶሌታው ላይ፣ በዚያው ብርድ ያደረው ነው።

ሶሌታውን የደገፈውን አጠና ሁሉ አንሥቶ እንደገና መደገፍም አይገባም። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ሶሌታ በካሬ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ ለመኖሪያ ወለል የሚታሰበው የሰውና የዕቃ ጭነት ግን 200 ኪሎ ገደማ ነው። ከሥሩ ያለው ወለል ለብቻው አይችለውም። ቢያንስ ሁለት ወለል እንደተደገፈ ይቆይ።

«አርማታው ላይ ውሃ ሲጨመር ሥራው ይፈጥናል»

ትርፍ ውሃ አርማታውን ያዳክማል። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ እርጥብ አሸዋ የያዘው ውሃም ከዚሁ ይቀነሳል። አርማታው ከደረቀባችሁ ማለስለሻ ኬሚካል ተጠቀሙ።

«ለሚ ላይ ሲሚንቶ እየተመረተ ዕቃ አያስቆመንም»

ሲሚንቶው ቅርብ ነው። የሚያስቆመው ከውጭ የሚመጣው ሊፍት፣ ጄኔሬተርና የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ነው። ትዕዛዛቸው ከርክክቡ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ መሠረት እየተቆፈረ ይሰጥ።

«ፊኒሺንግ የሚጀመረው ስትራክቸር ሲያልቅ ነው»

ድጋፍ ከወጣላቸው ወለሎች ብሎኬትና ቧንቧ ይጀመራል። ቀድማ ግን አንዲት የሆቴል ክፍል እስከ መብራት ማብሪያዋ ትጠናቀቅ፤ እሷ ላይ የተገኘ ስህተት በሌሎቹ አይደገምም። የቧንቧ ማለፊያው ከሙሌት በፊት ይቀመጥ፤ በኋላ ሲበሳ ፌሮ ይቆረጣል። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ሳይነጠፍም ወለሉ ላይ ውሃ ለ24 ሰዓት ይታቆርና ከሥር ያለው ኮርኒስ ሳይዘጋ ሶሌታው አለመርጠቡ ይታይ።