ሻርክ፣ ጠላቂና ካሜራ፦ ስለ ባሕር ዘጋቢ ፊልሞች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ካፌ ውስጥ የሻርክ ዘጋቢ ፊልም ሲታይ የሚባለው ይታወቃል። ጠላቂው ከጀልባ ወደ ውኃው ሲዘል «ይሄ ሰውዬ ነፍሱን ጠልቷል እንዴ!» ይባላል። ሻርኩ ብቅ ሲል ደግሞ ሁሉም ማኪያቶውን አስቀምጦ ደም ይጠብቃል። እነዚህን ፊልሞች በጣም እወዳቸዋለሁ፤ እንደ አስፈሪ ፊልም ሲታዩ የሚከፋኝም ለዚህ ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት እያለቀ ላለ እንስሳ ጥብቅና ለመቆም ነው። ስለዚህ በተደጋጋሚ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሻርክ ሰው አድኖ ይበላል»

ይህን ፍርሃት በዓለም ላይ ያስፋፋው ዘጋቢ ፊልም አይደለም፤ በ1975 የወጣው «ጆውስ» የተባለ የፈጠራ ታሪክ ነው። ፊልሙ የተነሣበትን ልብ ወለድ የጻፈው ፒተር ቤንችሊ ራሱ በኋላ ዘመኑ ለሻርኮች ጥበቃ ሲሟገት ኖሯል።

ከ500 በላይ የሻርክ ዝርያዎች አሉ። ሰውን በመጉዳት የሚታወቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሳይተነኮሱ ሰው የነከሱበት አጋጣሚ በመላው ዓለም በዓመት ከ60 እስከ 70 ገደማ ነው። የሚሞተው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ዓመት አሥር አይሞላም። ሰው በዓመት የሚገድላቸው ሻርኮችስ? ተመራማሪዎች ከ80 እስከ 100 ሚሊዮን ይገምታሉ። ጣና ላይ በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጉማሬን ይፈራል፣ ይጠነቀቃል፤ ጉማሬ ከምድር ይጥፋ ግን አይልም። ለሻርክም ይኸው ይበቃል።

ከሁሉም የሚገርመው ትልቁ ነው። ዌል ሻርክ በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ይገዝፋል፤ ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። የሚበላው ግን በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትንና ትናንሽ ዓሦችን ነው፤ አፉን ከፍቶ ውኃውን ያጣራል። እሱን ለማየት አውስትራሊያ መሄድ አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ሰዎች አብረውት ይዋኛሉ።

«አንዴ የተነከሰ ሰው ዘላለም ጠላቱ ይሆናል»

የሮድኒ ፎክስን ታሪክ ስሙ። አውስትራሊያዊ ነው። በ1963 ውኃ ውስጥ ዓሣ በጦር የመውጋት ውድድር ላይ ሳለ ትልቅ ነጭ ሻርክ ደረቱን ነከሰው። ቁስሉ ከ400 በላይ ስፌት ፈጀ። ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ነጭ ሻርክን ከብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ የማየትን ዘዴ ከጀመሩት አንዱ ሆነ። የፊልም ሠሪዎችን ቡድን እየመራ ወደ ሻርኮቹ ወሰደ፤ ጠበቃቸውም ሆነ።

ሮንና ቫለሪ ቴይለርም እንዲሁ ናቸው። ባልና ሚስቱ በጦር ዓሣ የሚወጉ ሻምፒዮኖች ነበሩ። ጦሩን ጥለው ካሜራ አነሡ። ቫለሪ ከብረት ቀለበቶች የተሠራ ልብስ ለብሳ ሻርክ ክንዷን እንዲነክሳት እስከማድረግ ደርሳለች። ግሬይ ነርስ የሚባለው ሻርክ በ1984 በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በሕግ እንዲጠበቅ ከታገሉት መካከል ሁለቱ አሉበት። ሻርክ በሕግ ሲጠበቅ ያ በዓለም የመጀመሪያው ነው። እኔ ጀግንነት የምለው ይህን ነው።

«ጀርባቸው ላይ ያለው ኦክስጅን ነው»

አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እኛም የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ በግፊት ታምቆ የገባ። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ገደማ በላይ ጥልቀት ላይ መርዝ ይሆናል፤ ሰውን ያንዘፈዝፋል።

ዋናው ጣጣ ናይትሮጅን ነው። ጠላቂው ጥልቀት ውስጥ ሲቆይ ናይትሮጅኑ ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። በፍጥነት ከወጣ አረፋ ይሠራና ያሽመደምደዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ቀስ ብለው የሚወጡት ለዚህ ነው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ አረፋው ይብሳልና፣ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። ጅቡቲ ላይ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ጣና ራሱ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ እዚያ የሚጠልቅ ሰው የቆይታ ስሌቱን ለከፍታው ማስተካከል አለበት።

ጠላቂው ሲተነፍስ የሚወጣው የአየር አረፋ ድምፅ ብዙ ሻርኮችን ያስደነግጣል። ስለዚህ አንዳንድ ፊልም ሠሪዎች የወጣውን ትንፋሽ አጣርቶ መልሶ የሚያስተነፍስ፣ ድምፅ የለሽ መሣሪያ ይጠቀማሉ። መሣሪያው ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካናዳዊው ፊልም ሠሪ ሮብ ስቱዋርት በጥር 2017 ፍሎሪዳ አጠገብ በዚህ መሣሪያ ሲጠልቅ ሕይወቱ አለፈ። ሲቀርጽ የነበረው ፊልም ከሞቱ በኋላ በ2018 ወጣ።

«የምንሰማው ሁሉ እዚያው የተቀረጸ ነው»

ሻርክ እንደ አንበሳ አያገሳም። የሚያስበረግገው ድምፅና ሙዚቃ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። ሻርኩ አፉን ከፍቶ ወደ ካሜራው ሲመጣም ብዙ ጊዜ ማባበያ ዓሣ ተጥሎለታል።

«ዓሣ አይደል? ቶሎ ይተካል»

ይህ ስህተት ከሁሉም ይጎዳል። ብዙ ሻርኮች ዘግይተው ያድጋሉ፣ ጥቂት ይወልዳሉ። ሴት ነጭ ሻርክ ለመውለድ እስክትደርስ 30 ዓመት ገደማ ሊፈጅባት ይችላል። የግሪንላንድ ሻርክ ደግሞ ከ270 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ለመራባት የሚደርሰው ግን በ150 ዓመቱ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በመርከብ እየዛቁ «ይተካል» ማለት ይከብዳል።

ክንፉ ለሾርባ ይፈለጋል። ክንፉን ቆርጠው ገላውን ከነሕይወቱ ወደ ባሕር የሚጥሉ አሉ። መዋኘት ስለማይችል ወደ ታች ሰምጦ ይሞታል። ሮብ ስቱዋርት በ2006 ባወጣው «ሻርክዋተር» በተባለ ፊልሙ ዓለም ይህን በዓይኑ እንዲያይ አድርጓል። በ2013 ሐመርሄድ የሚባሉት፣ ጭንቅላታቸው መዶሻ የሚመስል ሻርኮች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ቁጥጥር ከሚደረግበት ዝርዝር ገቡ። ቢሆንም ከ1970 ወዲህ በሰፊው ባሕር የሚኖሩ ሻርኮችና ሬይ የሚባሉት ጠፍጣፋ ዘመዶቻቸው ቁጥር በ71 በመቶ መውረዱን በ2021 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

«ባሕር ለሌለን ለእኛ ምናችን ነው?»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ነጭ ዓሣ የምንላቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ ግልገል ዓባይ አንዱ ነው። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ሳለ መረብ ይጠብቃቸዋል። ዕንቁላላቸውን ሳይጥሉ ይያዛሉ። በ1990ዎቹ በአሥር ዓመት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን በሐይቁ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች አስመዝግበዋል።

የጣና ውኃ ደፍራሽ ስለሆነ እንደ ቀይ ባሕር ጠልቆ መቅረጽ ያስቸግራል። ግልገል ዓባይ ዳር ቆሞ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መረብ የሚጥለውንም የማይጥለውንም ዓሣ አጥማጅ አነጋግሮ ፊልም መሥራት ግን ይቻላል። ባሕር ዳር ካሜራ ያላቸው ወጣቶች ሞልተዋል። ከእነሱ አንዱ ቢጀምረው እጅግ ደስ ይለኛል።