በሮኪ ተራሮች ግርጌ ያለው የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሲጓዙ፣ የሮኪ ተራሮች መነሣት ከሚጀምሩበት ቦታ ላይ ጎልደን የምትባል አነስተኛ የኮሎራዶ ከተማ አለች። የአሜሪካ መንግሥት የፀሐይንና የነፋስን ኃይል የሚያስጠናበት ዋነኛ ላቦራቶሪ፣ ዛሬ የሮኪዎች ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚባለው፣ የሚገኘው እዚህ ነው። ባለቤቱ የኢነርጂ ሚኒስቴር ሲሆን የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራው ግን በውል የተረከበው ድርጅት ነው።

ላቦራቶሪው የነዳጅ ችግር የወለደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ዋጋው ሰማይ ነካ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለአድማ ያስነሣው ያው ንረት ዋሽንግተንንም አስደንግጦ ነበር። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሕግ አወጣ፤ ተቋሙም በ1977 የፀሐይ ኃይል ምርምር ተቋም ተብሎ ሥራ ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በአካል ተገኝተው ጎበኙት። ድሎቱ ግን ብዙ አልቆየም። ሮናልድ ሬገን ሥልጣን በያዙበት በ1981 በጀቱ ክፉኛ ተቆረጠ፣ ዳይሬክተሩ ዴኒስ ሄይስ ተነሡ፣ ብዙ ሠራተኞችም ተሰናበቱ። ካርተር በዋይት ሐውስ ጣሪያ ላይ ያስተከሏቸው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎች ሳይቀሩ በ1986 ወረዱ። ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ብለው ያሳደጉት በ1991 የሬገን ተተኪ ጆርጅ ቡሽ ናቸው። በ2025 መገባደጃ ደግሞ «ታዳሽ ኃይል» ከስሙ ወጥቶ የሮኪዎች ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተባለ።

የሚያስገርመው፣ ከታላላቅ ግኝቶቹ አንዱ የተገኘው በእነዚያው የበጀት ድርቅ ዓመታት መሆኑ ነው። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የሶላር ሴል አንድ ዓይነት ቁስ ብቻ ካለው ብርሃኑን ሁሉ እኩል አይጠቀምበትም፤ የጉልበተኛው ብርሃን ትርፍ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ ደካማው ደግሞ ሳይነካ ያልፋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪው ጄሪ ኦልሰን ሁለት ቁሶችን ደረቡ። የላይኛው ጋሊየም ኢንዲየም ፎስፋይድ ጉልበተኛውን ብርሃን ይወስዳል፤ የተረፈውን ከሥሩ ያለው ጋሊየም አርሰናይድ ይቀበላል። ሴሉ ውድ በመሆኑ ከቤት ጣሪያ ይልቅ በሳተላይቶች ላይ ነው የሚገኘው፤ በ2004 ማርስ ላይ ያረፉት ተሽከርካሪ ሮቦቶች ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲም ከዚሁ ሐሳብ የዳበሩ ሴሎችን ይዘው ነበር። ተመራማሪዎቹ በዚህ መንገድ ገፍተው በ2020 ስድስት ንጣፍ ያለው ሴል ይፋ አደረጉ። 143 እጥፍ በተጠናከረ ብርሃን ሥር 47.1 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጧል።

እንደ እኔ ግን ከክብረ ወሰኑ ይልቅ ልኬቱ ይበልጣል። ላቦራቶሪው ከ1976 ወዲህ በዓለም ዙሪያ የተሠሩና በገለልተኛ ወገን የተረጋገጡ ምርጥ ሴሎችን በአንድ ሰንጠረዥ ይመዘግባል። «የእኔ ይበልጣል» የሚል ኩባንያ ሁሉ የሚመዘነው በዚያ ሰንጠረዥ ነው። ቦልደር አቅራቢያ ባለው ሁለተኛው ግቢ፣ ከተራራው በሚወርደው ብርቱ ነፋስ ተርባይኖች ይፈተናሉ።

ኢትዮጵያም ከዚህ ሥራ አልራቀችም። በ2001 በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በተጀመረውና ላቦራቶሪው በተሳተፈበት የፀሐይና የነፋስ ሀብት ጥናት ውስጥ ካሉት አገሮች አንዷ ነበረች። ከዚያ በላይ የሚታወቀው ግን በ1990ዎቹ እዚያ የተሠራው፣ ከ2009 ወዲህ በግል ኩባንያ የተያዘው ሆመር የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ከመብራት መስመር ለራቀ መንደር ስንት ፓነል፣ ስንት ባትሪና ምን ያህል ጄኔሬተር ቢጣመር ወጪው እንደሚያንስ ያሰላል። ስለ ኢትዮጵያ ገጠር መብራት የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ተጠቅመውበታል፤ የናፍጣ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ግን ስሌቱን እንደገና ማስኬድ የግድ ነው።