ቤት ራውተር ላይ ቪፒኤን ስለማስገባት ጎንደር ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች

እዚህ ጎንደር የቤትና የቢሮ ኔትወርክ ስለምሠራ ሰው ዋይፋይ አስተካክልልኝ ብሎ ሲጠራኝ «በዛው ራውተሩ ላይ ቪፒኤን ጫንልኝ» ማለት አይቀርም። ለምን ስል ደግሞ የሚነገረኝ ምክንያት ግማሹ ልክ አይደለም። ቪፒኤን ማለት ዳታችሁን መስጥሮ፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳያነበው አድርጎ፣ በአንድ ድርጅት ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው። ጥሩ ራውተር ርካሽ አይደለም፣ አብዛኛው የቪፒኤን ክፍያም በዶላር ስለሆነ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን አንብቡልኝ።

«ቪፒኤን ካለ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል»

ይሄ ከሁሉም የተስፋፋው ነው፣ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። በየካቲት 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ቪፒኤን የከፈተ ሰው ይገባ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ቪፒኤን የተዘጋን ሁሉ ይከፍታል ተብሎ ቀረ። ያኔ ግን የታገዱት የተወሰኑ አፖች ናቸው እንጂ መስመሩ ራሱ አልተቋረጠም። በዛው ዓመት መጨረሻ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ስልክ ላይ ያለ ቪፒኤን ለማንም አልጠቀመም፣ ሊጠቅምም አይችልም፣ ምክንያቱም ቪፒኤን የሚሄደው ባለ ኢንተርኔት ላይ ነው። መስመር ከሌለ ስልክ ላይም ሆነ ራውተር ላይ ሆነ ምንም አያመጣም። ለክፉ ቀን ብላችሁ የዓመት ከፍላችሁ የምታስቀምጡ ሰዎች ይሄን እወቁት።

«ፓኬጅ አይቆርጥም፣ ፍጥነትም ይጨምራል»

ሁለቱም ውሸት። ሲም የሚገባበት ራውተር ከሆነ ዳታው ይቆጠራል፣ እንዲያውም ምስጠራው የራሱ ተጨማሪ ዳታ ስላለው ትንሽ በለጥ ብሎ ነው የሚቆጠረው። ፍጥነት ደግሞ ከገዛችሁት መስመር በላይ ከየትም አይመጣም።

«ራውተሩ ላይ ካለ ማንም አያየኝም»

ቪፒኤን የሚሸፍነው ከራውተራችሁ እስከ ቪፒኤኑ ሰርቨር ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ መጋረጃ በተጋረደ ባጃጅ እንደመሄድ ነው፣ መንገድ ላይ ማንም አያይህም፣ ፒያሳ ከወረድክ በኋላ ግን ያው አንተው ነህ። ጎግልና ፌስቡክ ላይ በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ ስታበቁ ማን እንደሆናችሁ ያውቃሉ፣ ስልኩ ጂፒኤስ ከበራ ጎንደር መሆናችሁንም ያውቃሉ። ቴሌግራም ላይ «ሽልማት ደርሶሃል» የሚል ሊንክ ነክታችሁ ፓስዎርድ ከሰጣችሁ ደግሞ ቪፒኤኑ ያንን ፓስዎርድ በደንብ መስጥሮ ለሌባው ያደርስላችኋል፣ ቫይረስም አያስቆምም። እንዲያውም ዛሬ አብዛኛው ድረገጽ ኤችቲቲፒኤስ (አድራሻው https ብሎ የሚጀምር) ስለሆነ የምትጽፉት ነገር ያለ ቪፒኤንም የተመሰጠረ ነው። ኢንተርኔት አቅራቢው የሚያየው በዋናነት ወደ የትኛው ድረገጽ እንደሄዳችሁ ነው፣ ቪፒኤን ስታስገቡ ይሄንን የማየት ዕድል ከሱ ወስዳችሁ ለቪፒኤን ድርጅቱ ሰጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ድርጅቱን ምን ያህል ታምኑታላችሁ የሚለው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ቪፒኤኑ እየሠራ ራውተሩ ዲኤንኤስ (የድረገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) የሚጠይቀው አሁንም አቅራቢውን ከሆነ የጎበኛችሁት ድረገጽ ስም በሌላ በር ይወጣል፣ ዲኤንኤሱን የቪፒኤኑን አድርጉት።

«ነፃ ቪፒኤን አለ እኮ፣ ለምን እከፍላለሁ»

እ.ኤ.አ. በ2016 አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን ፈትሸው 38 ከመቶው ላይ የማልዌር (የጎጂ ፕሮግራም) ምልክት አግኝተዋል፣ 18 ከመቶው ደግሞ ጭራሽ ዳታውን አይመሰጥሩም ነበር። ይሄ የስልክ አፕ ላይ የተሠራ ጥናት ነው፣ ግን ራውተር ላይ ስታስገቡት የልጆቹም የተከራዮቹም የእንግዳውም ሁሉ ዳታ በዛ ድርጅት በኩል ስለሚያልፍ ጉዳዩ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

«ከመስመሩ ጋር የተሰጠኝ ራውተር ላይ ይጫናል»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው። ከመስመሩ ጋር የሚሰጡን የዜድቲኢና የሁዋዌ ራውተሮች አብዛኛዎቹ ቪፒኤን ክላየንት፣ ማለትም ራውተሩን ራሱን ከቪፒኤን ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር፣ የላቸውም። ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ «ቪፒኤን ፓስስሩ» የሚል ካያችሁ አትደሰቱ፣ እሱ ቤት ውስጥ ያለ ላፕቶፕ የራሱን ቪፒኤን ሲከፍት እንዲያልፍ የሚፈቅድ ነው እንጂ ራውተሩን ራሱን ከቪፒኤን ጋር አያገናኝም። «ቪፒኤን ሰርቨር» የሚለውም ሌላ ነው፣ እሱ ከውጭ ሆናችሁ ወደ ቤታችሁ ኔትወርክ ለመግባት ነው። የምትፈልጉት «ቪፒኤን ክላየንት» የሚል ነው። አንዳንድ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች፣ ብዙ የኤሱስ ራውተሮች፣ ማይክሮቲክ፣ ወይም ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለው ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚጫንባቸው ላይ ታገኙታላችሁ። ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ ቪፒኤን የሚል ስላለ ብቻ አትግዙ፣ የሞዴሉን ቁጥር ከነቨርዥኑ ፈልጋችሁ አረጋግጡ።

የድሮውን ራውተር አትንቀሉት። ከሱ ላን (LAN) ቀዳዳ ገመድ አውጥታችሁ የአዲሱ ዋን (WAN) ቀዳዳ ላይ ትሰካላችሁ፣ ከዛ ቤተሰቡ በአዲሱ ዋይፋይ ይጠቀማል። የሁለቱም ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ይጋጫሉ፣ ኢንተርኔቱም አይሠራም ወይ ይቆራረጣል፣ የአዲሱን 192.168.2.1 አድርጉትና ይለቃችኋል።

ፕሮቶኮል፣ ማለትም የቪፒኤኑን የግንኙነት ዓይነት፣ ሲጠይቃችሁ ፒፒቲፒን አትምረጡ፣ ሜኑ ላይ እስካሁን ስላለ ደህና ይመስላል ግን ምስጠራው እንደሚሰበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአደባባይ ታይቷል። ዋየርጋርድ ካለ እሱን፣ ከሌለ ኦፕንቪፒኤንን።

«ኢንተርኔቱ ከቀነሰ ጥፋቱ የቪፒኤን ድርጅቱ ነው»

ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን የራውተሩ ፕሮሰሰር ነው። ስልክ ላይ ሲሆን የምስጠራውን ሥራ የሚሠራው ጠንካራው የስልኩ ፕሮሰሰር ነው፣ ራውተር ላይ ግን ያቺ ትንሽዬ ቺፕ የቤቱን ሰው ሁሉ ዳታ ብቻዋን ትመሰጥራለች። ርካሽ ራውተር ላይ ኦፕንቪፒኤን ከ10 እስከ 20 ሜጋቢት አካባቢ ሊቆም ይችላል፣ መስመራችሁ 50 ቢሆንም። ዋየርጋርድ እዛው ራውተር ላይ በጣም ይሻላል። ሌላው ርቀት ነው፣ የኛ ዳታ ባህር ኬብል ላይ ለመድረስ በጎረቤት አገር ማለፍ አለበት፣ በዛ ላይ አሜሪካ ያለ ሰርቨር ከመረጣችሁ አዲስ አበባ ላለ ድረገጽ እንኳ አሜሪካ ደርሳችሁ ነው የምትመለሱት። የግድ ካልሆነ ቀረብ ያለውን ሞክሩ።

«አንዴ ካስገቡት አለቀ»

መብራት በሚጠፋበት ከተማ አያልቅም። ማራኪ አካባቢ ተከራዮች አንድ ዋይፋይ የሚጋሩበት ግቢ ውስጥ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቪፒኤኑ አልነሳ ይል ነበር፣ ሴቲንጉ ላይ አንድም ስህተት የለም። ሎጉን (የራውተሩን መዝገብ) ስከፍት የቪፒኤኑ ሰርተፊኬት (ሰርቨሩ ትክክለኛው መሆኑን የሚያረጋግጠው ፋይል) «ገና ጊዜው አልደረሰም» ይላል፣ የራውተሩን ሰዓት ሳይ ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ቆሟል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ብዙ ራውተሮች ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም፣ ሲነሱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ በቪፒኤን ብቻ እንዲሄድ ከተደረገ ቪፒኤኑ ሰዓቱን ይጠብቃል ሰዓቱ ቪፒኤኑን ይጠብቃል። ዋየርጋርድም ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ሰርቨሩ አልቀበልም ሊለው ይችላል። መፍትሄው የሰዓት ጥያቄው፣ ማለትም ኤንቲፒ፣ ከቪፒኤኑ ውጭ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ኪል ስዊች የሚባለውንም፣ ማለትም ቪፒኤኑ ሲወድቅ ኢንተርኔቱን የሚዘጋውን፣ አብሩ፣ ያለሱ ቪፒኤኑ ሲወድቅ ቤቱ ሁሉ ምንም ሳይታወቀው በቀጥታ መስመር ይቀጥላል፣ ተሸፍኛለሁ ብሎ እያሰበ።

«ስልኬም በዚሁ ተሸፈነ»

ቤት እስካላችሁ ድረስ። ከበር ወጥታችሁ ወደ ሞባይል ዳታ ሲቀየር ወይም አንድ ካፌ ዋይፋይ ስትይዙ የቤቱ ራውተር አያውቃችሁም፣ ስልኩ ላይ የራሱ አፕ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ደግሞ እሱ ብቻውን ይበቃዋል። ራውተር ላይ ማስገባት የሚያዋጣው ቪፒኤን አፕ የማይቀበል ቴሌቪዥን ወይም ጌም ኮንሶል ላለው ነው፣ ወይ ደግሞ ከቤት ሆኖ ለውጭ ድርጅት ለሚሠራና መሣሪያው ለበዛበት። ያም ቢሆን ሁሉንም በአንድ አትክተቱ፣ የባንክ አፕ ከውጭ አገር አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ሲገባበት ሊጠራጠርና ሊዘጋችሁ ይችላል። ደህና ራውተር የትኛው መሣሪያ በቪፒኤን የትኛው በቀጥታ እንደሚሄድ ለይቶ ያስመርጣል፣ ቴሌቪዥኑንና የሥራ ላፕቶፑን በቪፒኤን፣ ገንዘብ የምታንቀሳቅሱበትን ስልክ በቀጥታ አድርጉት። ስትገዙም ይሄ ምርጫ እንዳለው ጠይቁ።