የአየርላንድ የዘር ሐረግ ፍለጋና መዛግብቱ

የአየርላንድ የዘር ሐረግ ፍለጋ በሕዝብ ቆጠራ ቅጾች፣ በአጥቢያ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችና በመሬት ግምት ሰነዶች የአንድን ቤተሰብ ትውልድ የመከተል ሥራ ነው። ፈላጊዎቹ በአብዛኛው በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በብሪታንያ የሚኖሩ የስደተኞች ዘሮች ናቸው፤ ከ1845 እስከ 1852 በዘለቀው የድንች ረሃብ ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቶ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰዷል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የአገሪቱ መዛግብት ሲነሱ አስቀድሞ የሚወሳው የ1922ቱ እሳት ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ፣ በጁን 30፣ ደብሊን ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ የነበረው የመዛግብት ቤት በፍንዳታ ጋየ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት አራት ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር አመድ ሆኑ፤ ኑዛዜዎችና በርካታ የአንግሊካን አጥቢያ መዝገቦችም አብረው ጠፉ። ፍንዳታውን ያስነሳው በግቢው የመሸጉት አማፅያን ያጠመዱት ፈንጂ ይሁን የመንግሥት መድፍ፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በእሳቱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። የ1861ንና የ1871ን ቅጾች ያስወገደው መንግሥት ራሱ ነበር፤ የ1881ና የ1891 ቅጾች ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ሲያጥር ተፈጭተዋል። የካቶሊክ መዝገቦች በየአጥቢያቸው ስለነበሩ እሳቱ አልደረሰባቸውም።

የ1901ና የ1911 ቆጠራዎች ሙሉ በሙሉ ተርፈዋል። የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሁለቱንም ከእነ ቅጾቻቸው ምስል በኢንተርኔት በነፃ መልቀቁ ሊመሰገን የሚገባው ተግባር ነው። ቅጹን የሚሞላው አባወራው ሲሆን ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የማንበብና የመጻፍ ችሎታ እንዲሁም አይሪሽኛ መናገር ይጠየቅበታል። የ1911ዱ ባለትዳር ሴቶችን ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃል፤ ስምንት ወልዳ አራት የቀሩላት እናት በእነዚህ ገጾች ብርቅ አይደለችም። ዕድሜን ግን ማመን አይገባም። በ1909 መጀመሪያ 70 ዓመት ለሞላቸው ጡረታ መከፈል ሲጀምር ብዙ አረጋውያን በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ባሉት አሥር ዓመታት ከአሥር በላይ ጨምረው ተገኝተዋል። ሲወለዱ የልደት ምዝገባ ስላልነበረ ዕድሜያቸው የሚረጋገጠው በ1841ና በ1851 ቅጾች ነበር፤ ያኔ የማጣሪያ ውጤቱ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተርፈው ዛሬ የተቃጠሉትን ቅጾች በጥቂቱ ይተካሉ።

የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሁሉም ላይ የጸናው በ1864 ነው፤ የካቶሊክ ያልሆኑ ጋብቻዎች ግን ከ1845 ጀምሮ ይመዘገቡ ነበር። ከዚያ በፊት መንገዱ በካቶሊክ መዝገቦች በኩል ነው። እስከ 1880 ገደማ ያሉትን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በ2015 በነፃ አቅርቧል። ብዙዎቹ በላቲን የተጻፉ፣ እርጥበት ያደበዘዛቸውና የቄሱ ችኮላ የሚታይባቸው ናቸው። ከ1847 እስከ 1864 የተካሄደው የግሪፊት የመሬት ግምት ባለይዞታውንና ባለርስቱን ብቻ ስለሚጠቅስ ሚስትና ልጅ አይገኙበትም። ከ1800 በፊት ስለ ተራው ጭሰኛ የሚናገር ሰነድ እጅግ ጥቂት ነው።

ለፍለጋው ወሳኙ ታውንላንድ የሚባለው ትንሹ የመሬት ክልል ነው፤ አገሪቱ ከ60,000 በላይ አላት። ስም ብቻ ይዞ መነሳት ያሳስታል፤ አንዱ መዝገብ ኦሳሊቫን ያለውን ሌላው ሳሊቫን ይለዋል። አሳሳችነቱን የአኒ ሙር ታሪክ ያሳያል። በ1892 የኒውዮርኩ የስደተኞች መቀበያ ኤሊስ ደሴት ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ የሆነችው ይህች የኮርክ ልጅ ወደ ቴክሳስ ሄዳለች እየተባለ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። በ2006 ግን የቴክሳሷ ሴት የአሜሪካ ተወላጅ መሆኗ፣ እውነተኛዋ አኒም ኑሮዋን በኒውዮርክ ማድረጓ ተረጋግጧል።

ቤተሰቡ ከሰሜን አየርላንድ ከሆነ ቤልፋስት ያለውን የመዛግብት ቤትም ማየት ያስፈልጋል። የተቃጠለውን የመዛግብት ቤት ከየአገሩ በተሰበሰቡ ቅጂዎች በዲጂታል መልክ መልሶ የማቋቋሙ ሥራም እሳቱ 100 ዓመት በሞላው በ2022 ለሕዝብ ተከፍቷል።