ሞክሳ፦ ያልዞረን ፅንስ ለማዞር የሚሰጥ የቻይና ባህላዊ ሕክምና

ሞክሳ ደርቆ የተወቀጠ ቅጠል ለኩሶ በሙቀቱ የማከም ጥበብ ነው። ቅጠሉ የእኛ አሪቲና ጭቁኝ ዘመድ ነው፤ ሁሉም አርቴሚሲያ ከሚባለው የእፅዋት ወገን ናቸው። በቻይና ሞክሳ ለብዙ ዓይነት ሕመም ይውላል። በሌላው ዓለም አዋላጆች ዘንድ ስሙን ያስጠራው ግን አንድ ሥራው ነው። በመቀመጫው ወይም በእግሩ የመጣ ፅንስ ጭንቅላቱን ወደ ታች እንዲያዞር ይረዳል ይባላል።

በሰባተኛው ወር መግቢያ ላይ ከአምስት ፅንሶች አንዱ ያህል ገና አልዞረም። አብዛኞቹ ቆይተው ራሳቸው ይዞራሉ። መውለጃው ሲደርስ ሳይዞሩ የሚቀሩት ከመቶ 3 ወይም 4 ናቸው። ለእነዚህ እናቶች በብዙ አገር ቶሎ የሚነገራቸው ኦፕራሲዮን ነው። ስለዚህ ያለ ቢላ የሚደረግ ነገር ሁሉ በደንብ ሊታይ ይገባዋል።

የሞክሳ ታሪክ ረጅም ነው። ቻይና ውስጥ ማዋንግዱዪ በተባለው ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር ውስጥ ስለ ሞክሳ የሚናገሩ የሐር ጽሑፎች ተገኝተዋል። በወሊድ ረገድ በብዛት የሚነሳው ከሺህ ዓመት በላይ በፊት፣ በታንግ ነገሥታት ዘመን የነበረው ሐኪም ዣንግ ወንዦንግ ነው። አንዲት እናት ስታምጥ ፅንሱ አግድም ሆኖ እጁ ቀድሞ ወጣ። ክታቡም መድኃኒቱም አልሠራ አለ። ሐኪሙ በእናቲቱ ቀኝ እግር ትንሿ ጣት ጫፍ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሞክሳ ሦስት ጊዜ ለኮሰ፤ ወዲያው ወለደች ይላል ትረካው። ዩኔስኮ በ2010 (እ.ኤ.አ.) አኩፓንክቸርን (በቀጫጭን መርፌ የማከም ጥበብን) እና ሞክሳን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯቸዋል። የሚገባቸው ክብር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እናትየው ቀበቶዋን ፈታ አድርጋ ጋደም ትላለች ወይም እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ቅጠሉ በወረቀት ተጠቅልሎ ወፍራም ሲጋራ መስሏል። ጫፉ ተለኩሶ ፍም ሲሆን ዢዪን ወደሚባለው ነጥብ ይጠጋል። ነጥቡ ከትንሿ የእግር ጣት ጥፍር በውጭ በኩል፣ ከጥፍሩ ሥር ጥግ ላይ ነው። ፍሙ ቆዳ አይነካም። ቦታው ቀላ እስኪል ይሞቃል፤ ከለበለበ ራቅ ይደረጋል። በሁለቱም እግር፣ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ33ኛው እስከ 35ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ባል ወይም እህት ተምረው ቤት ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ። ጭሱ ቤቱን ስለሚሞላ መስኮት መክፈት የግድ ነው።

ሞክሳን ከቻይና ውጭ ላሉ ሐኪሞች ያስተዋወቀው ጥናት በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ላይ ወጣ። የሠሩት ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ካርዲኒና ቻይናዊው ሁዋንግ ዌይሺን ናቸው። በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ፣ 33ኛ ሳምንት ላይ ያሉ 260 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሞክሳ ተደረገላቸው፤ ሌሎቹ የተለመደው ክትትል ብቻ። እናቶቹ የፅንሱን እንቅስቃሴ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ይቆጥሩ ነበር። ሞክሳ የተደረገላቸው በአማካይ 48፣ ሌሎቹ 35 ቆጠሩ። በ35ኛው ሳምንት ከመጀመሪያዎቹ 130 ሴቶች የ98ቱ ፅንስ ዞሯል። ከሌሎቹ 130 የዞረው የ62ቱ ነው። በኋላ ከሁለተኛው ወገን 24 ሴቶች ሐኪም በእጁ ሆዳቸውን እየገፋ ፅንሱን ለማዞር ሞከረላቸው፤ ከሞክሳው ወገን ይህ ያስፈለጋት አንዲት ብቻ ነበረች። እንዲያም ሆኖ በወሊድ ጊዜ በጭንቅላቱ የመጣው 98 ለ81 ሆነ። ትልቅ ልዩነት ነው።

አውሮፓ ውስጥ ውጤቱ እንዲህ አላማረም። ካርዲኒ ራሱ ጣሊያን ውስጥ ሲደግመው ብዙ እናቶች ሕክምናውን አቋረጡ፤ ጥናቱም ሳያልቅ ቆመ። ልዩነት አልታየም። በ2009 የወጣው የጄኔቫ ጥናትም ለውጥ አላገኘም። በ2013 የወጣው የስፔን ጥናት ግን 406 ሴቶችን ይዞ ለሞክሳ መሰከረ፤ 58 ከመቶ ዞሩ፣ የተለመደ ክትትል ብቻ ካገኙት ደግሞ 45 ከመቶ። ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2023 ሞክሳ ከተለመደው ክትትል ጋር ሲደረግ ሳይዞሩ የሚወለዱትን ምናልባት ይቀንሳል ብሏል። ኦፕራሲዮንን መቀነሱ ግን አልተረጋገጠም።

ለምን ይሠራል? የቻይና ሐኪሞች በሰውነት ውስጥ ኃይል የሚፈስባቸው መስመሮች እንዳሉ፣ ነጥቡም የፊኛ መስመር በሚባለው መጨረሻ ላይ እንዳለና ሙቀቱ የማህፀንን ኃይል እንደሚያነቃቃ ያስተምራሉ። ዘመናዊዎቹ ሆርሞንን ያነሳሉ፤ ሙቀቱ ፅንሱን ይበልጥ እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል የሚል መላምት አላቸው።

የእንግሊዝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 መመሪያው፣ እናቶች ከፈለጉ ከ33 እስከ 35 ሳምንት ባለው ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ እየተመሩ ሊሞክሩት ይችላሉ ይላል። መንታ የያዘች፣ ደም የሚፈሳት፣ እንሽርት ውሃዋ የፈሰሰ ወይም እንግዴ ልጁ የማህፀኗን በር የዘጋባት እናት ግን አትነካውም። ከመጀመሩ በፊት አልትራሳውንድ መታየት አለባት። በመሃል ሆዷ ውስጥ ትልቅ መገላበጥ ከተሰማት ሞክሳውን አቁማ እንደገና ትታያለች። እስከ 36ኛው ወይም 37ኛው ሳምንት ካልዞረም ሐኪሙ በእጁ ማዞር ይችላል፤ ይህ ከሁለት ሙከራ በአንዱ ገደማ ይሳካል።